ቍጥር ያለ ውሳኔ፤ ውሳኔም ያለ ቍጥር

በሹመት ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ፤ ሹመቱ ታላቅ ቢሆን ወይም ታናሽ፤ በየቀኑ የሚያደርገው ዋና ሥራ መቍረጥ ነው። ይህ ይደረግ፤ ያ ይቅር፤ ይህ ይቅደም፤ ያ ይከተል እያለ ይቈርጣል። በቈረጠውም ነገር ገንዘብ ይወጣል፤ ሰው ይላካል፤ መድኃኒት ይጫናል፤ እህል ይታደላል። የተቈረጠው ነገር መልካም እንደ ሆነ ሕዝቡ ይጠቀማል። ክፉ እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚጐዳው ቈራጩ ራሱ ሳይሆን ከጽሕፈት ቤቱ ርቆ የሚኖረው ድኻ ነው። ስለዚህ ሹም ሊጠየቅ የሚገባው ምን ቈረጥህ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ምን ዐውቀህ ቈረጥህ ተብሎም ጭምር ነው እንጂ።

ሰው ከጥንት ጀምሮ በሦስት መንገድ ሲቈርጥ ኖሯል። አንደኛው በልማድ ነው፤ አምና እንዲህ አድርገን ነበርና ዘንድሮም እንዲሁ ይሁን ይላል። ሁለተኛው በወሬ ነው፤ ወደ ደጁ መጥቶ አብዝቶ የጮኸለትን ሰምቶ፤ መምጣትና መጮኽ ያልቻለውን ይረሳል። ሦስተኛው በምርመራ ነው፤ ቈጥሮ፤ ለይቶ፤ ያለፈውን ካሁኑ አስተያይቶ ይቈርጣል። ለዚህ ለሦስተኛው መንገድ በዘመናችን ታላቅ ረዳት ሆኖ የተገኘው ኮምፒዩተርና በኮምፒዩተር የሚሠራው የመረጃ ሥርዓት ነው። ይህ ረዳት ምን እንደሚጠቅም፤ ጥቅሙንም የሚያጠፋበት ነገር ምን እንደ ሆነ፤ በደቡብ ጐንደር የእስቴን ከተማ መካነ ኢየሱስንና በዙሪያዋ ያሉትን የጋይንትንና የስማዳን አገሮች በምሳሌነት ይዘን ለሹማምንቱም ለሊቃውንቱም ጥቂት እንናገራለን።

በመጀመሪያ፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማረ ሰው ይህን ነገር ከባሕር ማዶ እንደ መጣ እንግዳ ነገር ሊያየው አይገባም። ዮሴፍ በግብፅ የተሾመው ሕልም ፈቺ በመሆኑ ብቻ አልነበረም። የጥጋቡን 7 ዓመት እህል በየከተማው ሰብስቦ፤ ለራቡ 7 ዓመት የሚበቃውን አስቀድሞ በማሰናዳቱ አገሩን አዳነ እንጂ። ይህ ሥራ ያለ ጐተራ አይሆንም፤ ጐተራውም ያለ መዝገብ አይሆንም። የእኛም ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ፤ ገና ያልመጣውን ዘመን ካለፈው ዘመን ቍጥር ተነሥተው ያውቃሉ። ድሜጥሮስ ደረሰው የሚባለው ይህ ሐሳብ እንደ ወሬና እንደ ልማድ አይደለም፤ ሥርዓቱን ያወቀ ሁሉ፤ መካነ ኢየሱስም ቢቀመጥ አክሱምም ቢቀመጥ፤ አንድ መልስ ያገኛል።

ኮምፒዩተር የሚሠራው ሥራ በባሕርዩ ከዚህ የራቀ አይደለም። አራት ነገር ያደርጋል። በብዙ ቦታ የተጻፈውን ወደ አንድ መዝገብ ይሰበስባል፤ የተሰበሰበውን በቦታ፤ በወርና በዓይነት ይለያል፤ የተለየውን ካለፈው ዓመትና ከጐረቤት ወረዳ ጋራ ያስተያያል፤ ያስተያየውንም ሹሙ በአንድ ገጽ ላይ እንዲያየው በሥዕልና በመስመር ያሳያል። መቶ ጸሐፊዎች በወር የማይጨርሱትን ሒሳብ በቅጽበት ይጨርሳል። ይህንን አድርጎ ሲያበቃ ግን ዝም ይላል። መቍረጥ የሹሙ ነው።

እንዲህ ያለው ሥርዓት ሲጐድል ምን እንደሚሆን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን የሆነውን ያስታውስ። በዚያ ጊዜ በጣና ዙሪያና በሌሎች ብዙ የኢትዮጵያ ወይና ደጎች ታላቅ የወባ ንዳድ ተነሣ። ኋላ ነገሩን የመረመሩ ሐኪሞች 3 ሚሊዮን የሚያህል ሰው እንደ ታመመ፤ 150,000 የሚያህልም እንደ ሞተ ገምተዋል። ወባ የቈላ በሽታ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበር ወይና ደገኛው ሰውነቱ በሽታውን አልለመደም፤ ሹሙም አላሰበውም። ከየመንደሩ በየሳምንቱ የታመመውን ቈጥሮ የሚልክ አልነበረም፤ የሚልክ ቢኖርም የሚቀበል መዝገብ አልነበረም። ስለዚህ የሰው ማለቅ ለመንግሥት የታወቀው በቍጥር ሳይሆን በለቅሶ ነበር። የሙታኑ ብዛት ራሱ በግምት እንጂ በመዝገብ አለመታወቁ የዚያን ጊዜ ድኽነታችንን ይመሰክራል።

ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ጤና ኬላ እየተሠራ፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እየተመደቡ፤ እነዚህ ሴቶች ልጆቻችን ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ነገር በቤተሰብ ማኅደር ላይ ይጽፋሉ። በእስቴ ቀበሌ የተጻፈው ወደ ጤና ጣቢያ፤ ከዚያ መካነ ኢየሱስ ወዳለው የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፤ ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር፤ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የጤና ሚኒስቴርም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ሁሉ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 በሚባለው የኮምፒዩተር መዝገብ እንዲያዝ አድርጓል። ይህን መዝገብ የሚያሳድገው በኖርዌይ አገር ያለው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሚሠሩበትም ከ70 የሚበልጡ አገሮች ናቸው። በየሳምንቱ ደግሞ ወባንና የመሳሰሉትን ፈጥነው የሚዛመቱ በሽታዎች ለይቶ የሚያስታውቅ ሌላ ሪፖርት አለ።

ይህ ቍጥር ለወረዳው ሹም እንዴት እንደሚረዳው አንድ ምሳሌ እንስጥ። ጤና ጣቢያው በዚህ ሳምንት 24 የወባ በሽተኞች አገኘሁ ብሎ ጻፈ እንበል። 24 ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ቍጥሩ ብቻውን አይመልስም። ስለዚህ የሙያው ሰዎች ያለፉትን 5 ዓመታት የዚያኑ ሳምንት ቍጥር ይደረድራሉ፤ ለምሳሌ ያህል 31፤ 20፤ 14፤ 12፤ 9 ቢሆን፤ ከላይ ሁለተኛውን፤ ማለት 20ን፤ ወሰን ያደርጉታል። 24 ከወሰኑ አልፏልና ወረርሽኝ ሊነሣ ነው፤ አጎበር፤ መድኃኒትና ርጭት ወደዚያ ይሂድ ማለት ነው። 31 ያገኘ ሌላ ጤና ጣቢያ ደግሞ፤ ያለፉት ዓመታት ቍጥሩ 60ና 70 ከሆነ፤ ገና ከወሰኑ አላለፈም። በወሬ የሚቈርጥ ሹም መድኃኒቱን ሁሉ 31 ወዳለበት በሰደደው ነበር። በምርመራ የሚቈርጥ ግን 24 ወዳለበት ያስቀድማል። ከጉና ተራራ ብርድ እስከ ዓባይ ሸለቆ ሙቀት በሚደርስ አገር፤ አንዱ ቀበሌ ከሌላው ስለማይመሳሰል፤ ለሁሉ እኩል ማካፈል ፍርድ መስሎ ይታያል እንጂ ፍርድ አይደለም።

ነገሩም የትናንት ታሪክ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር ወር ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ እንደ ታመመ፤ ከ1,100 በላይም እንደ ሞተ የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። በ1951 ከሞተው ጋራ ሲተያይ የሙታኑ ቍጥር እጅግ ያነሰ ነው፤ መድኃኒቱና ሐኪሙ፤ ወሬውም በጊዜ መድረሱ ረድተዋልና። ነገር ግን ወባ ተመልሶ እንዲህ ከበረታ፤ መዝገብ ያዢው ሊያንቀላፋ እንደማይገባው ያሳያል።

በጤና ብቻም አይደለም። ለብዙ ዓመታት የአገራችን ገበሬ የሚያገኘው ማዳበሪያ ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር። በደጋም በቈላም፤ በመረሬም በቦዳም ያው ነበር፤ ይህ በልማድ መቍረጥ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት በተባለው ሥራ የየወረዳው አፈር እየተቈፈረ፤ በመሣሪያ እየተመረመረ፤ በኮምፒዩተር ካርታ እየተሣለ ሲታይ፤ በብዙ ቦታ ሰልፈር፤ ቦሮንና ዚንክ እንደ ጐደለ ተገለጸ። ከዚያ በኋላ መንግሥት በዳፕ ፈንታ ሰልፈር ያለበትን ኤን.ፒ.ኤስ. የተባለውን ማዳበሪያና ሌሎችንም ቅልቅሎች ለገበሬው ማቅረብ ጀመረ። በኋላም ቅልቅሎቹ በየእርሻው ላይ ሲሞከሩ በአንዳንድ ቦታ የተጠበቀውን ያህል ብልጫ አላሳዩም ብለው የጻፉ ተመራማሪዎች ተነሥተዋል። ይህም መልካም ነው፤ ካርታው ተነግሮ ያለቀለት ፍርድ ሳይሆን በመከር ጊዜ የሚፈተን ነገር መሆኑን ያስተምራልና። እንደዚሁም በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የየዕለቱን ዋጋ በኮምፒዩተር ለሁሉ ባስታወቀ ጊዜ፤ ከዚያ በፊት ዋጋን የሚያውቅ ነጋዴው ብቻ ሆኖ ሳለ፤ አምራቹም ዐውቆ ለመሸጥና ለማቆየት የሚቈርጥበት በር ተከፈተለት።

እንግዲህ ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ፤ ኮምፒዩተር ገዝቶ በየጽሕፈት ቤቱ ማስቀመጥ ይበቃልን? አይበቃም። የቍጥርን ጥቅም የሚያጠፉ አራት ጠላቶች አሉና፤ እነርሱን በግልጥ መናገር ይገባል።

የመጀመሪያው ጠላት ለማስደሰት የተጻፈ ቍጥር ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደምናነበው፤ ዳዊት ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ ኢዮአብ ቢከለክለው አልሰማም፤ በዚህም መቅሠፍት መጣ። ሙሴ ግን ሕዝቡን ሲቈጥር አልተቀሠፈም። አበው ይህን ሲያመሰጥሩ፤ አንዱ ለትምክሕት ሁለተኛው ለአገልግሎት ስለ ቈጠሩ ነው ይላሉ። የዛሬም ሹም እንዲሁ ነው። ለበላዩ ታማኝ መስሎ ለመታየት፤ ከዕቅዱ 100 ከመቶ ፈጽሜአለሁ፤ እንዲያውም አልፌአለሁ ብሎ የሚጽፍ ሰው ለትምክሕት የቈጠረ ነው። በብዙ ወረዳ ሪፖርት የተከተቡት ሕፃናት ካሉት ሕፃናት በልጠው የሚታዩበት ጊዜ አለ። ይህ አንዳንድ ጊዜ ከሐሰት ሳይሆን ከጥንት ቍጥር የሚመጣ ነው። የአገራችን ሕዝብ ለመጨረሻ ጊዜ የተቈጠረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ 74 ሚሊዮን ያህል ነበርን። አራተኛው ቈጠራ ተዘጋጅቶለት ሳለ ተላልፏል። ስለዚህ በወረዳው ስንት ሕፃን አለ የሚለው ነገር ከዚያ ቈጠራ በግምት ተነሥቶ የተሰላ ነው። ሥሩ ከደከመ ቅርንጫፉም ይደክማል። ነገር ግን ግምቱ ከመሳሳቱ የተነሣ ከ100 በላይ የሆነውንና ከሐሰት የተነሣ ከ100 በላይ የሆነውን መለየት የሚችለው በቦታው ያለው ሹም ብቻ ነው።

ለዚህ ጠላት መድኃኒቱን ከባሕረ ሐሳብ እንማር። የ2018 ዓ.ም.ን ብንወስድ፤ 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ ከዚያ 1 ሲነሣ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይወጣል፤ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። 30 ያልመጣለት ተማሪ መምህሩ ሳይነግረው መሳሳቱን ያውቃል፤ ሥርዓቱ ምስክሩን በራሱ ውስጥ ይዟልና። የመንግሥትም መዝገብ እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል። ጤና ጣቢያው የላከው ቍጥር ከጤና ኬላዎቹ ድምር ጋራ፤ የታደለው መድኃኒት ከታከመው በሽተኛ ጋራ፤ የቀረው ዕቃም ከገባውና ከወጣው ጋራ ይተያይ። በየወሩም ጥቂት ቍጥሮች በዕጣ ተነሥተው ከመጀመሪያው የእጅ መዝገብ ጋራ ይመሳከሩ። ለዚህ የሚሆን ደንብ በጤናው ሥራ ተጽፏል፤ የሚጐድለው መፈጸሙ ነው።

የጋይንት ሰው ይህን ምሳሌ ከሌላ አገር መፈለግ አያስፈልገውም። ድጓ በየአገሩ ይማሩታል፤ የተማረው ሰው ግን ለመመስከር በጋይንት ምድር ወዳለችው ወደ ቤተልሔም ይሄዳል። በዚያ ያልተመሰከረለት፤ ድምፁ ቢያምር ዕውቀቱም ቢበዛ፤ የድጓ መምህር ነኝ ለማለት አይደፍርም። ለዜማው ምልክት እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያደረገ አገር፤ የሰው ሕይወት ለሚመዘንበት ቍጥር ምስክር አለመፈለጉ ነውር ነው።

ሁለተኛው ጠላት ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ቍጥር ነው። ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ቍጥር የሚሰበስቡት ለመላክ ነው፤ ከላኩት በኋላ አያዩትም። ቍጥሩ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፤ ከወረዳ ወደ ዞን፤ ከዞን ወደ ክልል እንደ ግብር ይወጣል፤ እንደ ዝናብ ግን አይመለስም። የሚኒስትሩ ጸሐፊ በአዲስ አበባ የሚያየው የመላውን አገር ድምር ነው። በድምሩ ውስጥ የአንዱ ቀበሌ ችግር ይጠፋል። 24ቱ በሽተኞች ያሉበትን ቀበሌ ስሙን፤ መንገዱን፤ ወንዙን የሚያውቅ መካነ ኢየሱስ የተቀመጠው ሹም ነው። ስለዚህ ቍጥር ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠቅም የሚገባው በተወለደበት ቦታ ነው። በየጤና ተቋሙ በየወሩ ተሰብስቦ ሥራውን የሚመረምር ቡድን እንዲኖር ታዝዟል። ይህ ስብሰባ ፊርማ ለማሟላት ብቻ ከሆነ ግን ቢቀር ይሻላል፤ ሥራ የተሠራ እያስመሰለ ያታልላልና።

ሦስተኛው ጠላት ባዶውን ዜሮ ማለት ነው። ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ግን ሰው ይገድላል። አንድ ጤና ኬላ በዚህ ሳምንት የወባ በሽተኛ አላገኘሁም ብሎ 0 ቢጽፍ አንድ ነገር ነው። ጤና ኬላው ተዘግቶ፤ ሠራተኛዋ ወጥታ፤ ወይም ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ምንም ሳይጻፍ ቢቀር ግን ሌላ ነገር ነው። የፊተኛው ጤና ነው፤ ሁለተኛው ጨለማ ነው። በኮምፒዩተሩ ሥዕል ላይ ግን፤ ዐዋቂ ካላየው በቀር፤ ሁለቱ አንድ መስለው ይታያሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ከደረሰው የጸጥታ መታወክ የተነሣ በብዙ ቦታ መንገድና መገናኛ ሲቋረጥ፤ ሪፖርትም አብሮ ሲቋረጥ ታይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የበሽተኛው ቍጥር አነሰ ብሎ መድኃኒቱን ወደ ሌላ ማዞር፤ ያልጮኸ ሕፃን አልራበውም እንደ ማለት ነው። ዝም ያለ ቀበሌ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄ ሊጠየቅበት ይገባል፤ ለምን ዝም አለ? ይህን ጥያቄ ኮምፒዩተሩ እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል፤ ሪፖርት ያልመጣበትን ቦታ በቀይ እንዲያሳይ ማዘዝ ቀላል ነው። መልሱን ግን እግረኛ ልኮ የሚያገኘው ሰው ነው። ስለዚሁም የወረቀቱ መዝገብ መጣል የለበትም። መብራት በጠፋ ጊዜ ወረቀት ይነበባል።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው ጠላት፤ ቍጥሩ እውነት ሆኖ፤ በጊዜውም ደርሶ፤ የሚቈርጥ ሰው ሲጠፋ ነው። በመጋቢት ወር 1976 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለራብ እንደ ተጋለጠ ለለጋሾች አገሮች አስታውቆ ነበር። ቍጥሩ ነበረ። ነገር ግን ለጋሾቹ አልፈጠኑም፤ የዚያን ጊዜው መንግሥትም በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል በታላቅ ወጪ ያከብር ነበር። ዓለም የነቃው በጥቅምት ወር የረሃብተኞቹ ሥዕል በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የሞተው ሰው በዕውቀት ማነስ ሞተ ማለት አይቻልም። ሪፖርቱ ተጽፎ፤ ተነቦ፤ በመሳቢያ ውስጥ ሳለ ነው የሞተው። ዛሬ ስማዳ፤ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ ከገቡት ወረዳዎች መካከል ናቸው። ይህም ማለት በየዓመቱ የዝናቡን፤ የሰብሉን፤ የገበያውንና የሕፃናቱን ክብደት ቍጥር አይቶ ማን ይረዳ ብሎ የሚቈርጥ ሹም በእነዚህ አገሮች የሰው ነፍስ በእጁ አለ ማለት ነው። ከእርሱ የሚጠበቀው ቍጥሩን መቀበል ብቻ አይደለም፤ በጊዜው መቍረጥ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ሰምተው፤ ኮምፒዩተር ይህን ያህል ካወቀ ሹም ምን ያደርጋል? ነገ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መጥቶ ራሱ አይቈርጥምን? ይላሉ። ሌሎችም በተቃራኒው፤ አባቶቻችን ያለዚህ ሁሉ አገር አስተዳድረዋል፤ ምን ያስፈልጋል? ይላሉ። ሁለቱም አልመረመሩም። ለፊተኞቹ የምንመልሰው ይህ ነው፤ ኮምፒዩተር 24ን ከ20 ያስተያያል እንጂ፤ ወደዚያ ቀበሌ የሚወስደው ድልድይ በክረምት መፍረሱን፤ ሠራተኛዋ ከወለደች 10 ቀን እንደ ሆናት፤ የሕዝቡም ልብ በምን እንደ ተከፋ አያውቅም። ስሕተት ቢገኝበትም አይጠየቅም፤ አያፍርም፤ አይሻርም። የሚጠየቀው ሰው ነውና የሚቈርጠውም ሰው ይሁን። ለኋለኞቹም የምንመልሰው፤ አባቶቻችን ያስተዳደሩት ሕዝብ ቍጥሩ ከዛሬው እጅግ ያነሰ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ባለማወቅ ስንት እንዳለቀ የ1951ን ወባ መጠየቅ ይበቃል። ሽማግሌ የሚያውቀው መንደሩን ነው፤ አንድ ወረዳ ግን ብዙ መንደር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥቂት ነገሮች አሉ። የወረዳ ሹም ማናቸውንም ሪፖርት ወደ ዞን ከመላኩ በፊት፤ ከሥሩ አንድ መስመር ትቶ፤ ይህን ቍጥር አይቼ ይህን ቈረጥሁ ብሎ ይጻፍበት። የሚቈርጠው ነገር ከሌለም የለም ይበል፤ ባዶ ግን አይተወው። እንዲህ ከሆነ፤ ቍጥሩን ሳያነብ የላከው ካነበበው ይለያል። የበላዩ ሹም ደግሞ ክፉ ቍጥር በእውነት የጻፈለትን ሰው አይገሥጸው፤ ያመስግነው እንጂ። ወባ በዛብኝ ያለውን የሚቀጣ አለቃ፤ በሚመጣው ወር ወባ ጠፋልኝ የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ወባው ግን አይጠፋም። ቀበሌ ሲሰየምም የሠራተኛዋ ስም ከነውር ጋራ አይጠራ፤ የምትጽፈው እርሷ ናትና፤ እርሷ የፈራች ቀን የአገሩ መዝገብ ሁሉ ይዋሻል።

ካህናቱም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት፤ ሞት፤ ጋብቻና ፍቺ በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍ በመላው አገር ሥራው ተጀምሯል። ሆኖም ብዙ ሰው፤ ይልቁንም በገጠር፤ ልጁ ሲወለድ ወደ ቀበሌ ሄዶ አያስመዘግብም፤ የሞተበትንም ቀብሮ ዝም ይላል። ወንዱን በ40 ሴቷን በ80 ቀን የሚያጠምቀው ካህን ግን ልደቱን ያውቃል፤ ፍትሐቱን የሚፈታውም ሞቱን ያውቃል። በክርስትናው ዕለት ለአባትና ለእናት፤ በሣልስቱም ለሐዘንተኛው፤ ስሙን አስጽፉ ብሎ አንድ ቃል መናገር ካህኑን አያደክመውም። ከዚህ የሚገኘው ፍሬ ግን ትልቅ ነው፤ ሕዝብ ተቈጥሮ እስኪታወቅ ድረስ፤ በየቀበሌው ስንት ሕፃን እንዳለ፤ ስንትስ እናት በወሊድ እንደ ሞተች በግምት ሳይሆን በስም ይታወቃል። ነፍሱን በዲፕቲኩ ስም እየጠራ የሚጸልይ ቤተ ክህነት፤ አንድም ሰው ሳይጻፍ እንዳይቀር መትጋቱ ከሥራው ውጭ አይደለም።

ነገሩን ስንጠቀልለው፤ ያለ ቍጥር የሚቈርጥ ሹም በጨለማ የሚሄድ ሰው ነው፤ ቍጥር ይዞ የማይቈርጥም ሹም መብራት ይዞ በደጅ የቆመ ሰው ነው። ፊተኛው ይሰናከላል፤ ሁለተኛውን ግን የሚጠብቁት በውስጥ ያሉት ናቸው የሚጐዱት። መንግሥት መብራቱን ወደ መካነ ኢየሱስም፤ ወደ ነፋስ መውጫም፤ ወደ ወገዳም አድርሷል፤ ገና ያልደረሰበትም ቦታ አለና ያድርስ። የደረሳቸው ሹማምንት ግን የሚመጣውን የክረምት መውጫ፤ ወባ የሚነሣበትን ወራት ሳይጠብቁ፤ ያለፉትን 5 ዓመታት ቍጥር ዛሬ አውጥተው ይደርድሩ፤ ወሰኑንም በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ማለዳና የሚያነብ ዓይን ነው።

ለሚቈጥሩት ትዕግሥትን፤ ለሚጽፉት እውነትን፤ ለሚቈርጡት ማስተዋልንና ድፍረትን እግዚአብሔር ያድልልን።